በአሠሪ በኩል የሚገኝ የጤና መድኅን ወጪና በቂነት፦ ከአሜሪካ ተሞክሮ ለኢትዮጵያ ማኅበራዊ ጤና መድኅን የሚወሰድ ትምህርት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በዩናይትድ ስቴትስ ዕድሜው ከ65 ዓመት በታች ከሆነው ሕዝብ መካከል 154 ሚሊዮን ያህሉ የጤና መድኅን የሚያገኘው በራሱ ወይም በቤተሰቡ አባል አሠሪ በኩል ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ሥርዓት ወጪ ማን እንደሚሸከመው፣ ሽፋኑም ሠራተኛውን ከሕክምና ወጪ ጫና ምን ያህል እንደሚጠብቀው ይመረምራል። የታተሙ ዓመታዊ የዳሰሳ መረጃዎችን፣ ሕጎችንና ቀደምት ጥናቶችን መሠረት በማድረግ ሦስት ነጥቦችን ያቀርባል። አንደኛ፣ አረቦኑ በደመወዝ መጠን ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ስለሚታሰብ ሸክሙ በዝቅተኛ ደመወዝተኛው ላይ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ በሕግ «በቂ» የተባለ ሽፋን በሠራተኛው ገቢ ሲመዘን ጎደሎ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛ፣ የወጪውን ዕድገት ለመግታት ሲባል በታማሚው ላይ የተጫነው ክፍያ ሕክምናን ቢቀንስም የሕክምናን ዋጋ አላረከሰም። በመጨረሻም ጽሑፉ እነዚህ ግኝቶች ትግበራው በተደጋጋሚ ለተራዘመው የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ጤና መድኅን ምን ትርጉም እንዳላቸው ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የጤና መድኅን፣ አሠሪ፣ አረቦን፣ የኪስ ወጪ፣ ጎደሎ መድኅን፣ ማኅበራዊ ጤና መድኅን

1. መግቢያ

ስለ ጤና መድኅን በሚደረጉ ውይይቶች በብዛት የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ሰው መድኅን አለው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። መድኅን ያለው ሰው የሚከፍለው አረቦን ከገቢው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? በታመመ ጊዜስ መድኅኑ ምን ያህሉን ይሸፍንለታል? የሚሉት ጥያቄዎች ካልተመለሱ የሽፋን አኃዝ የካርድ ብዛትን እንጂ የጥበቃን ልክ አይነግረንም።

የአሜሪካን ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ ማሳያ አድርጎ መውሰድ ሁለት ምክንያቶች አሉት። የመጀመሪያው፣ የጤና መድኅንን ከሥራ ውል ጋር በማቆራኘት ረገድ የዚያን ያህል ርቆ የሄደ ባለጸጋ አገር አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ የሥርዓቱ ወጪና የሽፋን ይዘት በየዓመቱ በዝርዝር እየተመዘገበ መታተሙ ነው። አገራችን ደግሞ የመደበኛውን ዘርፍ ሠራተኛ በአሠሪና በሠራተኛ መዋጮ ለመሸፈን ሕግ ያወጣች በመሆኗ፣ የቀደመው የሄደበትን መንገድ፣ የተሰናከለበትንም ድንጋይ ማየት ይጠቅማታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የአረቦንና የመነሻ ክፍያ አኃዞች በአመዛኙ የተወሰዱት ካይዘር ፋሚሊ ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሚያሳትመው የአሠሪዎች የጤና ጥቅማ ጥቅም ዳሰሳ ሲሆን፣ ከደመወዝ ጋር የተደረጉት ስሌቶች የጸሐፊው ናቸው።

2. የጽንሰ ሐሳቦች ብያኔ

ለውይይቱ ግልጽነት አራት ቃላትን አስቀድሞ መበየን ያስፈልጋል። አረቦን ማለት ሰው ታመመም አልታመመም መድኅኑ ጸንቶ እንዲቆይ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ በአሜሪካ ይህን አሠሪውና ሠራተኛው ይጋሩታል። የመነሻ ክፍያ በዓመቱ ውስጥ መድኅኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታማሚው ከራሱ የሚሸፍነው ገንዘብ ነው። የወጪ መጋራት የመነሻው ክፍያ ካለቀ በኋላ ታማሚው ለእያንዳንዱ ሕክምና በቁርጥ ወይም በመቶኛ የሚከፍለው ድርሻ ነው። የኪስ ወጪ ጣሪያ ደግሞ ታማሚው በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ በላይ እንዲከፍል የማይጠየቅበት ወሰን ነው።

«በቂነት» ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች አሉት። የመጀመሪያው ሕጋዊ መለኪያ ነው። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና እንክብካቤ ሕግ እንደሚለው፣ 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሚያቀርበው መድኅን ከአማካይ የሕክምና ወጪ ቢያንስ 60 በመቶውን መሸፈን አለበት፤ የሠራተኛው የግል ሽፋን መዋጮም በየዓመቱ ከሚወሰን የገቢ መቶኛ (በ2024 8.39 በመቶ) መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው ኢኮኖሚያዊ መለኪያ ነው። ኮመንዌልዝ ፈንድ የተባለው የምርምር ተቋም በሚጠቀምበት ብያኔ መሠረት፣ ዓመቱን ሙሉ መድኅን የነበረው ሰው አረቦንን ሳይጨምር የኪስ ወጪው ከቤተሰቡ ገቢ 10 በመቶ ከደረሰ (ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ 5 በመቶ)፣ ወይም የመነሻ ክፍያው ብቻውን ከገቢው 5 በመቶ ከደረሰ «ጎደሎ መድኅን» እንዳለው ይቆጠራል። ሕጋዊው መለኪያ የሚመዝነው የመድኅኑን ውል ሲሆን፣ ኢኮኖሚያዊው የሚመዝነው የሰውየውን ኑሮ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና መከራከሪያም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ የቆመ ነው።

3. ታሪካዊ ዳራ፦ በጦርነት ዘመን የተወለደ አጋጣሚ

በአሠሪ በኩል የሚገኝ የጤና መድኅን በአሜሪካ የታሰበበት ማኅበራዊ ፖሊሲ ውጤት አልነበረም። ቀደምት ምሳሌው በ1929 በዳላስ ከተማ የታየው ነው፤ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጀስቲን ፎርድ ኪምባል ባቀዱት ሥርዓት፣ መምህራን በወር 50 ሳንቲም እየከፈሉ በዓመት እስከ 21 ቀን ድረስ ሆስፒታል ተኝተው የመታከም መብት አገኙ። ይሁን እንጂ በ1940 መድኅን የነበረው ከሕዝቡ አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር።

ነገሩን የለወጠው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1942 የወጣው የማረጋጊያ ሕግ የደመወዝ ጭማሪን ሲገታ፣ የጤና መድኅንን የመሳሰሉ ጥቅማ ጥቅሞች ግን ከገደቡ ውጪ ተተዉ። የሠራተኛ እጥረት የገጠማቸው አሠሪዎች በደመወዝ መወዳደር ቢከለከሉ በመድኅን ተወዳደሩ። ቀጥሎም አሠሪው ለሠራተኛው የሚከፍለው አረቦን ከሠራተኛው ግብር የሚከፈልበት ገቢ ውጪ እንዲሆን የተሰጠው ውሳኔ በ1954 የገቢ ግብር ሕግ ጸና። በ1950 ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት የጤና መድኅን ነበረው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ዘላቂ ውጤቶች ተከትለዋል። አንደኛው፣ የግብር ነፃነቱ ከፍተኛ ግብር ለሚከፍለው ባለከፍተኛ ደመወዝ ይበልጥ መጥቀሙ ነው፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ዶላር አረቦን የሚድነው ግብር ከሠራተኛው የግብር እርከን ጋር አብሮ ያድጋል። በዚህ ምክንያት የፌዴራሉ መንግሥት በ2022 ብቻ የተወው ገቢ 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚደርስ ተገምቷል። ሁለተኛው የሕግ መከፋፈል ነው። ኤሪሳ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የ1974 ሕግ፣ የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ ስጋት ራሳቸው የሚሸከሙ አሠሪዎችን ከክፍላተ ሀገራት የመድኅን ቁጥጥር ነፃ አድርጓል። በ2024 መድኅን ከነበራቸው ሠራተኞች 63 በመቶው በዚህ ዓይነት ዕቅድ የታቀፉ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ክፍለ ሀገር ጠበቅ ያለ የመድኅን ሕግ ቢያወጣም፣ ሕጉ ለብዙው ሠራተኛ አይደርስም።

4. ወጪው፦ ስንት ነው? ማንስ ይከፍለዋል?

በ1999 የቤተሰብ ሽፋን አማካይ ዓመታዊ አረቦን 5,791 ዶላር ነበር። በ2024 ይኸው አረቦን 25,572 ዶላር ደረሰ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው፤ በዚያው ዘመን አጠቃላይ የሸማቾች ዋጋ እጥፍ እንኳ አልሞላም። ሠራተኛው በቀጥታ ከደመወዙ የሚቆረጥበት የቤተሰብ ሽፋን ድርሻ በ1999 ከነበረበት 1,543 ዶላር በ2024 ወደ 6,296 ዶላር ከፍ ብሏል። ለብቸኛ ሠራተኛ ሽፋን የ2024 አማካይ አረቦን 8,951 ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው የሚከፍለው 1,368 ዶላር ነው።

ከእነዚህ አኃዞች በመነሣት «አብዛኛውን የሚከፍለው አሠሪው ነው» ማለት ይቀላል። የምጣኔ ሀብት ትንታኔ ግን ወደ ሌላ መደምደሚያ ይመራል። አሠሪው ሠራተኛ ሲቀጥር የሚያሰላው ደመወዝንና ጥቅማ ጥቅምን ደምሮ ነው፤ የአንዱ ክፍል ወጪ ሲጨምር ሌላው ያንሳል። ሎውረንስ ሰመርስ በ1989 ይህን ሐሳብ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አቅርበውት ነበር። ጆናታን ግሩበር በ1994 ባሳተሙት ጥናትም የወሊድ ሕክምናን በመድኅን ውስጥ ማካተት ግዴታ በሆነ ጊዜ ወጪው በአመዛኙ ወደ ተጠቃሚዎቹ ሠራተኞች ደመወዝ መተላለፉን አሳይተዋል። በዚህ አመለካከት የ25,572 ዶላሩ አረቦን በአብዛኛው የሠራተኛው ገንዘብ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ክፍል በደመወዝ ወረቀቱ ላይ መታየቱ፣ ሌላው ደግሞ ሳይታይ መቅረቱ ነው። ሠራተኛው ደመወዙ ለምን እንዳላደገ ሲጠይቅ ከመልሶቹ አንዱ እዚያ የማይታይ ዓምድ ውስጥ አለ።

ከዚህም በላይ ክብደቱ እኩል አይከፋፈልም። አረቦን የሚታሰበው በነፍስ ወከፍ ነው። ጥቂት አሠሪዎች ለዝቅተኛ ደመወዝተኞች መዋጮውን ዝቅ ቢያደርጉም፣ በመርሕ ደረጃ የጽዳት ሠራተኛዋና የክፍል ኃላፊው የሚከፍሉት አንድ ዓይነት ነው። የሚከተለው ሠንጠረዥ የ2024ን አኃዞች ለምሳሌነት ከተወሰዱ ሦስት ዓመታዊ ደመወዞች ጋር ያነጻጽራል። የመጀመሪያው ደመወዝ በሰዓት 18 ዶላር ለሚከፈላት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ (በዓመት 2,080 ሰዓት) የተሰላ ነው።

ሠንጠረዥ 1፦ የ2024 የመድኅን ወጪዎች ከዓመታዊ ደመወዝ ጋር ሲነጻጸሩ (በመቶኛ)

| የወጪ ዓይነት | 37,440 ዶላር | 75,000 ዶላር | 200,000 ዶላር |
|---|---|---|---|
| የብቸኛ ሽፋን የሠራተኛ ድርሻ (1,368 ዶላር) | 3.7 | 1.8 | 0.7 |
| የብቸኛ ሽፋን ሙሉ አረቦን (8,951 ዶላር) | 23.9 | 11.9 | 4.5 |
| የቤተሰብ ሽፋን የሠራተኛ ድርሻ (6,296 ዶላር) | 16.8 | 8.4 | 3.1 |
| አማካይ የመነሻ ክፍያ (1,787 ዶላር) | 4.8 | 2.4 | 0.9 |
| የአነስተኛ ድርጅቶች አማካይ የመነሻ ክፍያ (2,575 ዶላር) | 6.9 | 3.4 | 1.3 |
| የብቸኛ ሽፋን የኪስ ወጪ ሕጋዊ ጣሪያ (9,450 ዶላር) | 25.2 | 12.6 | 4.7 |

ከሠንጠረዡ እንደሚታየው ለቤተሰብ ሽፋን ከዝቅተኛ ደመወዝተኛዋ ገቢ በየዓመቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉ ይቆረጣል፤ ከባለከፍተኛ ደመወዙ የሚቆረጠው ግን ከሠላሳ አንድ እጅ ያህል ነው። በግብር ቋንቋ ቢነገር፣ ይህ ገቢ ባነሰ መጠን የሚከብድ ግብር ነው። ግብር ተብሎ ስለማይጠራ ግን በሕዝብ ዘንድ እንደ ግብር አይመረመርም።

5. በቂነት፦ በሕግ ሲለካና በኑሮ ሲለካ

5.1 የመነሻ ክፍያ

ሠንጠረዥ 1 አንድ ልዩ ነጥብ ያሳያል። በሰዓት 18 ዶላር የምታገኘው ሠራተኛ አማካይ የመነሻ ክፍያ ባለው ዕቅድ ብትታቀፍ ክፍያው ከገቢዋ 4.8 በመቶ ይሆናል፤ ከጎደሎ መድኅን ወሰን በጥቂቱ ታንሳለች። ያው ደመወዝ እየተከፈላት በአነስተኛ ድርጅት ብትቀጠር ግን አማካዩ የመነሻ ክፍያ 6.9 በመቶ ይሆንና ወሰኑን ታልፋለች። ደመወዟ፣ ጤናዋና ሥራዋ ሳይለወጥ ጥበቃዋ የተለወጠው በቀጣሪዋ ስፋት ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው አነስተኛ አሠሪ ስጋትን የሚያከፋፍልበት የሠራተኛ ብዛት ስለሌለውና ከመድኅን ድርጅት ጋር የሚደራደርበት ጉልበት ስለሚያንሰው ነው። በ2024 ለሠራተኞቻቸው መድኅን ያቀረቡት ከጠቅላላ ድርጅቶች 54 በመቶው ብቻ ሲሆኑ፣ 200 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካላቸው ግን 98 በመቶው አቅርበዋል። ከኢትዮጵያ ሄደው በዚያ አገር በአነስተኛ ንግድና አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ለሚሠሩ ወገኖቻችንም ይህ ልዩነት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ኮመንዌልዝ ፈንድ በ2024 ባካሄደው ዳሰሳ በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉ አዋቂዎች 23 በመቶው ጎደሎ መድኅን ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል 66 በመቶው መድኅናቸው የተገኘው በአሠሪ በኩል ነው። ስለዚህ ጎደሎነት የአሠሪ መድኅን በሌለበት ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም፤ በራሱ በአሠሪ መድኅን ውስጥ የሚኖር ነው።

5.2 የቤተሰብ ሽፋን

ሕጉ የአሠሪውን መድኅን «አቅምን ያገናዘበ» ነው የሚለው የብቸኛውን ሠራተኛ መዋጮ አይቶ ነው። እስከ 2022 ድረስ ይኸው መለኪያ ለቤተሰቡም ያገለግል ስለነበር፣ ለብቻ የሚከፈለው ዝቅተኛ ከሆነ የቤተሰቡ መዋጮ የቱንም ያህል ቢከብድ የትዳር ጓደኛና ልጆች በመንግሥት ድጎማ ሌላ መድኅን መግዛት አይችሉም ነበር። በ2022 የወጣው ደንብ ከ2023 ጀምሮ የቤተሰቡ ብቁነት በቤተሰብ ሽፋን ዋጋ እንዲለካ አድርጓል። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆችም በሜዲኬይድ ወይም በሕፃናት የጤና መድኅን ፕሮግራም የሚሸፈኑበት ዕድል አለ። ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ሚዛናዊ አይሆንም።

ነገር ግን መፍትሔዎቹ ራሳቸው አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ ዝቅተኛ ደመወዝ ያለውን ቤተሰብ የሚታደገው የአሠሪው መድኅን ሳይሆን ከሥራ ውሉ ውጪ ያለው የመንግሥት መርሐ ግብር ነው። በአሠሪው ዕቅድ ለመቆየት የመረጠ ቤተሰብ ከባድ ሕመም ቢገጥመው፣ የ6,296 ዶላሩ አማካይ መዋጮና የ2024 የቤተሰብ የኪስ ወጪ ሕጋዊ ጣሪያ 18,900 ዶላር ተደምረው 25,196 ዶላር ይሆናሉ። ይህ ከ37,440 ዶላር ደመወዝ 67 በመቶ ነው። ብዙ ዕቅዶች ከሕጋዊው ጣሪያ ያነሰ ወሰን ቢያስቀምጡም፣ ሕጉ ራሱ የሚፈቅደው ስጋት ይህን ያህል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

5.3 የመድኅኑ ዘላቂነት

ሌላው የበቂነት ገጽታ ጊዜ ነው። ከሥራ የተለየ ሰው በ1985 በረቀቀው ኮብራ የተባለ ሕግ መሠረት፣ ድርጅቱ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ በአብዛኛው እስከ 18 ወር በዕቅዱ መቆየት ይችላል። ሆኖም አሠሪው ይከፍለው የነበረውን ጨምሮ እስከ 102 በመቶ የሚደርሰውን አረቦን ራሱ መክፈል አለበት። በ2024 አማካይ ይህ ለቤተሰብ በወር ከ2,100 ዶላር በላይ ነው። ክፍያው የሚጠየቀው ደመወዝ በቆመበት ወር መሆኑ የሥርዓቱን ድካም ያሳያል። በሚያዝያ 2020 ወረርሽኙ የአገሪቱን የሥራ አጥነት መጠን ከ14 በመቶ በላይ ባደረሰው ጊዜ፣ ሕክምና እጅግ ባስፈለገበት ሰዓት መድኅንን የሚያሳጣው ትስስር በግልጽ ታይቷል። በሌላ በኩል ሕመምተኛ ልጅ ያለው ሠራተኛ የተሻለ ሥራ እያለ መድኅኑን ላለማጣት ባለበት እንዲቆይ ይገደዳል፤ የሥራ ገበያው ነፃነትም በዚያው ልክ ይጠባል።

6. ወጪን በታማሚው ላይ የመጫን ውጤት

የመነሻ ክፍያን ከፍ ማድረግ የሚደገፍበት ክርክር ግልጽ ነው። ሰው ከራሱ ኪስ ካልከፈለ ያለ ልክ ይታከማል፤ ከከፈለ ግን ዋጋ ያወዳድራል፣ አላስፈላጊውንም ይተዋል የሚል ነው። ይህ መላምት በሁለት ጠንካራ ጥናቶች ተፈትኗል።

የመጀመሪያው ራንድ የተባለው ተቋም ከ1974 እስከ 1982 በጆሴፍ ኒውሃውስ መሪነት ያካሄደው የጤና መድኅን ሙከራ ነው። ከ2,000 በላይ ቤተሰቦች የተለያየ የወጪ መጋራት ባላቸው ዕቅዶች በዕጣ ተመደቡ። ብዙ የሚከፍሉት ትንሽ ታከሙ። ይሁን እንጂ የተቀነሰው አላስፈላጊው ሕክምና ብቻ አልነበረም፤ አስፈላጊውም በተቀራራቢ መጠን ተቀነሰ። ለአማካዩ ተሳታፊ ጤና ጉዳቱ ጎልቶ ባይታይም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ባለባቸው ድሆች ዘንድ ነፃ ሕክምና የተሻለ ውጤት አስገኝቶ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ብሮት-ጎልድበርግና ባልደረቦቹ በ2017 ያሳተሙት ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት ሠራተኞቹን ነፃ ከሆነ ሽፋን ወደ ከፍተኛ የመነሻ ክፍያ ሲያሸጋግር ወጪው ከ12 እስከ 14 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የቀነሰው ግን ሠራተኞቹ ርካሽ ሐኪም በመፈለጋቸው አልነበረም፤ የሕክምናው ብዛት ስላነሰ ነበር፣ ጠቃሚ የሚባሉትን አገልግሎቶች ጨምሮ። ሠራተኞቹ ደህና ደመወዝ ያላቸውና የተማሩ ነበሩ። እነርሱ ዋጋ ማወዳደር ካልቻሉ፣ ሕመም ላይ ያለ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ እንዲያወዳድር መጠበቅ ምክንያታዊ አይሆንም።

ሐሳቡ የተሳሳተበት ሥርም እዚህ ይገኛል። ጄራርድ አንደርሰን፣ ኡወ ራይንሃርትና ባልደረቦቻቸው በ2003 እንደተከራከሩት፣ አሜሪካ ከሌሎች ባለጸጋ አገሮች ይልቅ ለጤና ብዙ የምታወጣው በዋናነት ዋጋዋ ከፍተኛ በመሆኑ ነው። ራንድ በ2024 ባሳተመው ጥናት የግል አሠሪዎችና መድኅኖቻቸው በ2022 ለሆስፒታሎች የከፈሉት ዋጋ፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት መድኅን ሜዲኬር ለተመሳሳይ አገልግሎት ከሚከፍለው በአማካይ 254 በመቶ ነበር። አንድ መንግሥት ለሚሊዮኖች ሲደራደር የሚያገኘውን ዋጋ፣ በሺዎች የተበታተኑ አሠሪዎች አያገኙትም። የመነሻ ክፍያ መጨመር በድርድር አቅም ማነስ የመጣን ወጪ ወደ ደካማው ወገን ማሸጋገር ነው፤ ያውም በድርድሩ ውስጥ ምንም ድምፅ ወደሌለው።

7. ውይይት፦ ለኢትዮጵያ ምን ትምህርት ይገኛል?

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ዓ.ም. ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ተቆጥሯል። በቀጣዩ ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም እንዲሁ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተወስኗል። ለመደበኛ ላልሆነው ዘርፍ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ሲስፋፋ፣ የደመወዝተኛው መርሐ ግብር ትግበራ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከአሜሪካ ጋር የሚደረገው ንጽጽር ሦስት ነጥቦችን ያነሣል።

አንደኛ፣ የአዋጁ መሠረት ከአሜሪካው የተሻለ ነው። መዋጮው በመቶኛ ስለሆነ ወርኃዊ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 180 ብር፣ 30,000 ብር የሆነው 900 ብር ይከፍላል። ገንዘቡም በአንድ አገር አቀፍ ቋት ስለሚሰበሰብ የሠራተኛው ጥበቃ በቀጣሪው ስፋት አይወሰንም፤ ሥራ ቢቀይርም ከቋቱ አይወጣም። «እያንዳንዱ አሠሪ ለራሱ ሠራተኛ ያዋውል» የሚለው አማራጭ ለጊዜው ፈጣን ቢመስልም፣ ይህን ብልጫ የሚያሳጣ ነው። ከአሜሪካ ታሪክ እንዳየነው በአጋጣሚ የተተከለ ሥርዓት ጥቅመኞቹን ካበዛ በኋላ ለመንቀል እጅግ ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ጣሪያ ማንን እንደሚጠብቅ መጠየቅ ያሻል። በአገራችን አንዳንድ ባንኮች፣ የልማት ድርጅቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ተቋማት ለሠራተኞቻቸው ከሆስፒታል ጋር በሚደረግ ውል ወይም በቡድን የሕክምና መድኅን ሽፋን ይሰጣሉ። በእንዲህ ያሉ ሽፋኖች ዘንድ የተለመደው በብር የተወሰነ ዓመታዊ ጣሪያ ነው። የአሜሪካው ጣሪያ፣ ከፍተኛ ቢሆንም፣ የታማሚውን ክፍያ ይገድባል፤ መድኅኑ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ላይ የራሱን ክፍያ በዓመት እንዳይገድብ ደግሞ ሕጉ ይከለክላል። የእኛው ጣሪያ ግን የከፋዩን ግዴታ ይገድብና ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ለሠራተኛው ይተዋል። ለጉንፋን ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ለካንሰር ሕክምና መሐል መንገድ ላይ ያቆማል። በቁርጥ ብር የተቀመጠ ጣሪያ ደግሞ የመድኃኒትና የምርመራ ዋጋ በናረ ቁጥር፣ ማንም ሳይሽረው ዋጋው እየሟሸሸ ይሄዳል። የመድኅን ትርጉሙ ሊሸከሙት የማይቻለውን ወጪ ማካፈል ከሆነ፣ ይህ አሠራር ነገሩን ገልብጦታል። አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ሲደራደሩ ትንንሾቹን ወጪዎች በከፊል ለሠራተኛው ትተው ለከባድ ሕመም ጣሪያውን ከፍ ማድረግ፣ ባለው በጀት ውስጥ እንኳ ጥበቃን የሚያሻሽል አማራጭ ነው።

ሦስተኛ፣ በቂነት በወረቀት ብቻ አይለካም። በአሜሪካ ጎደሎነት የሚመጣው በክፍያ በኩል ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ በአቅርቦት በኩል ሊመጣ ይችላል። መድኅን ያለው ታማሚ በጤና ተቋሙ ፋርማሲ «መድኃኒቱ የለም» ተብሎ ወደ ግል መደብር ከተላከ፣ የከፈለው ወጪ በየትኛውም የመነሻ ክፍያ ስሌት ውስጥ ሳይገባ የኪስ ወጪ ይሆናል። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ ሲቆረጥበት የሚያነሣው ሥጋት ከዚህ ጋር የተያያዘ በመሆኑ እንደ ግንዛቤ እጥረት ብቻ መታየት የለበትም። መዋጮው ከመቆረጡ በፊት መድኃኒት ሲጠፋ ወጪውን ማን እንደሚመልስ፣ በስንት ቀንም እንደሚመልስ በመመሪያ መታወቅ አለበት። በአንድ ቋት የተሰበሰበ ገንዘብ ከሚሰጣቸው ጉልበቶች አንዱ መደራደር ነው፤ ይህ ጉልበት ለዋጋ ብቻ ሳይሆን ለአቅርቦት ግዴታም ሊውል ይገባል።

8. ማጠቃለያ

ይህ ጽሑፍ በአሠሪ በኩል የሚገኝ የጤና መድኅን ለ154 ሚሊዮን ሰዎች ሽፋን መስጠቱን ሳይክድ፣ ሽፋንና ጥበቃ አንድ አለመሆናቸውን ለማሳየት ሞክሯል። የነፍስ ወከፍ አረቦን ሸክሙን ወደ ታች ይገፋል፤ በውሉ ላይ የተመሠረተ ሕጋዊ መለኪያ የሠራተኛውን ገቢ አያይም፤ ከሥራ ጋር የታሰረ መድኅን ሥራ ሲጠፋ ይጠፋል፤ በታማሚው ላይ የሚጫን ክፍያም ሕክምናን እንጂ ዋጋን አይቀንስም።

ለኢትዮጵያ የሚመከረው ከዚህ ይከተላል። የደመወዝ መቶኛንና አንድ አገር አቀፍ ቋትን የመረጠው የአዋጁ መሠረት ሊጠበቅ ይገባዋል። በቂነትም ሲለካ የአባላትን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ የታመመ አባል ከገቢው ስንት እጁን ከኪሱ እንዳወጣ በየዓመቱ መዝግቦ ማሳተም ያስፈልጋል። ይህ መረጃ ትግበራው በሚጀመርበት የመጀመሪያ ዓመት መሰብሰብ ካልጀመረ፣ ሠራተኛው መዋጮውን እየከፈለ ጥበቃ አግኝቶ እንደሆነ ለማወቅ የሚቻልበት መነሻ አይኖርም። ለቀጣይ ተመራማሪዎችም ሰፊው የሥራ መስክ ይህ ነው።